የፕላስቲክ የመኪና ሞዴል

የፕላስቲክ የመኪና ሞዴል ማለት የአንድን እውነተኛ መኪና ቅርጽ በተወሰነ መጠን አሳንሶ የሚያሳይ፣ ከተነጣጠሉ የፕላስቲክ ክፍሎች በእጅ ተገጣጥሞ ቀለም የሚቀባ ሥራ ነው። ክፍሎቹ፣ የአገጣጠም መመሪያውና ተለጣፊ ምልክቶቹ አንድ ላይ በሣጥን ሲሸጡ ኪት ይባላሉ። ሞዴል ከመጫወቻ መኪና የሚለየው በሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ ልኬቱ በሙሉ ከእውነተኛው መኪና ልኬት በአንድ ቁጥር ተካፍሎ የተገኘ ነው። ሁለተኛ፣ ክፍሎቹን የሚሞርደው፣ የሚቀባውና የሚያጣብቀው ባለቤቱ ራሱ ነው።

የመኪና ሞዴል ከታንክ ወይም ከጦር አውሮፕላን ሞዴል የተለየ ችግር አለው። የታንክ ቀለም ደብዛዛ ስለሆነ ጥቃቅን ጉድለቶች በጭቃና በአቧራ መልክ ሊሸፈኑ ይችላሉ። የመኪና ቦዲ ግን እንደ መስታወት ማብረቅ ስላለበት ትንሽ ጭረት እንኳን ጎልታ ትታያለች። ስለዚህ ብዙው ድካምና ጊዜ የሚያልቀው በመገጣጠሙ ላይ ሳይሆን ከቀለም በፊት በሚደረገው ዝግጅት፣ በቀለሙና እስኪደርቅ በመጠበቁ ላይ ነው።

በዚህ መጣጥፍ ያሉት ዓመታት «ዓ.ም.» ካልተባሉ በቀር እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ስኬል

ስኬል ሞዴሉ ከእውነተኛው መኪና ምን ያህል እንደሚያንስ የሚገልጽ ቁጥር ነው። በ1/24 ስኬል በተሠራ ሞዴል ላይ 1 ሚሊ ሜትር የሆነ ነገር በእውነተኛው መኪና ላይ 24 ሚሊ ሜትር ነው። ለምሳሌ በኢትዮጵያ በተለምዶ «ቮልስ» በሚባለው በቮልስዋገን ቢትል የፊትና የኋላ ጎማዎች መካከል ያለው ርቀት 2,400 ሚሊ ሜትር ነው፤ ለ24 ሲካፈል ልክ 100 ሚሊ ሜትር ይሆናል። 4.07 ሜትር ያህል የሆነው የመኪናው ርዝመት ወደ 17 ሴንቲ ሜትር፣ 1.5 ሜትር ያህል የሆነው ቁመቱ ደግሞ ወደ 6 ሴንቲ ሜትር ይወርዳል።

1/24 የመጣው ከእንግሊዝ የርዝመት መለኪያ ነው፤ በዚህ ስኬል አንድ ጫማ ግማሽ ኢንች ይሆናል። በአሜሪካ ብዙ የመኪና ኪቶች የሚሠሩት በ1/25 ነው። ሁለቱ ቁጥሮች ቢቀራረቡም አንድ አይደሉም፤ ከላይ የተጠቀሰው 100 ሚሊ ሜትር በ1/25 ወደ 96 ሚሊ ሜትር ዝቅ ይላል። ከእነዚህ ሌላ 1/43 እና 1/32 ለትናንሽ፣ 1/12 እና 1/8 ለትላልቅ ሞዴሎች ያገለግላሉ።

ታሪክ

ከፕላስቲክ ኪቶች መካከል ቀደምት የሆኑት በ1936 በእንግሊዝ አገር «ፍሮግ ፔንግዊን» በሚል ስም ለገበያ የቀረቡት የአውሮፕላን ኪቶች ናቸው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ፖሊስታይሪን የተባለው ፕላስቲክ በስፋት ሲገኝ ሥራው ተስፋፋ። ኤርፊክስ የተባለው የእንግሊዝ ኩባንያ በ1949 የፈርጉሰን ትራክተርን ሞዴል የሠራው ለትራክተሩ ሻጮች ማስታወቂያ እንዲሆን ነበር።

በአሜሪካም የመኪና ሞዴል ከማስታወቂያ ጋር ተያይዞ አደገ። በ1948 በዲትሮይት አካባቢ የተመሠረተው ኤ.ኤም.ቲ. የመኪና ሻጮች ለደንበኞቻቸው የሚያሳዩአቸውንና የሚሰጧቸውን የተገጣጠሙ ትናንሽ ሞዴሎች ይሠራ ነበር። በ1958 ኩባንያው ሠሪው በሦስት ዓይነት መንገድ ሊገጣጥመው የሚችል ኪት አወጣ፤ በዚህም ያው መኪና እንደ ፋብሪካ ምርቱ ወይም ተሻሽሎ ወይም ለውድድር ተዘጋጅቶ ሊሠራ ቻለ። የካሊፎርኒያው ሬቬል በ1950ዎቹ መጀመሪያ የጥንት መኪናዎችን በ1/32 አቀረበ። በጃፓን ደግሞ በሺዙኦካ ከተማ በ1946 በእንጨት ንግድ የተጀመረው ታሚያ በ1960 የመጀመሪያውን የፕላስቲክ ሞዴሉን አወጣ፤ በኋላም በ1/24 የመኪና ኪቶቹ ታዋቂ ሆነ።

ጥሬ ዕቃውና የኪቱ ይዘት

የኪት ክፍሎች የሚሠሩት የቀለጠ ፖሊስታይሪን በከፍተኛ ግፊት ወደ ብረት ቅርጽ ማውጫ እየተረጨ ነው። ፕላስቲኩ ወደ እያንዳንዱ ክፍል የሚደርስበት መንገድ ሲቀዘቅዝ ቀጭን ዘንግ ሆኖ ይቀራል፤ ክፍሎቹም በዚሁ ዘንግ ላይ ተንጠልጥለው ይሸጣሉ። የብረቱ ሁለት ግማሾች የተጋጠሙበት ቦታ በቦዲው ላይ ቀጭን መስመር ይተዋል። ፕላስቲኩ ወፍራም በሆነበት ቦታ ሲቀዘቅዝ ስለሚኮማተር ትንሽ ጎድጓዳ ምልክት ሊፈጠር ይችላል። ሁለቱም ካልተስተካከሉ ከቀለም በኋላ ይታያሉ።

በሣጥኑ ውስጥ ቦዲው፣ ሻንሲው፣ መቀመጫዎቹ፣ ዳሽቦርዱ፣ መሪው፣ ግልጽ የሆኑት የመስታወት ክፍሎች፣ ከለስላሳ ፕላስቲክ ወይም ከጎማ የተሠሩ ጎማዎች፣ እንዲሁም በውሃ ተነክረው የሚለጠፉ ምልክቶች ይገኛሉ። አንዳንድ ኪቶች ሞተሩንም ይጨምራሉ። ፓራውልትና ቸርኬን የመሳሰሉት በብዙ ኪቶች ክሮም ለብሰው ይመጣሉ።

መኪናውን ማጥናት

ሥራው የሚጀመረው ማጣበቂያ ከመክፈት ሳይሆን እውነተኛውን መኪና ከማወቅ ነው። ቢትል ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው፤ እስከ 2003 ድረስ ከ21 ሚሊዮን በላይ ሲመረት መልኩ ያልተለወጠ ቢመስልም ዝርዝሩ በየጊዜው ተለውጧል። እስከ 1953 መጀመሪያ የተሠሩት የኋላ መስታወታቸው ለሁለት የተከፈለ ነበር። ከዚያ እስከ 1957 አንድ ወጥ ሞላላ መስታወት ነበራቸው፤ ከዚያ በኋላ ሰፋ ያለና ወደ አራት ማዕዘን የቀረበ መስታወት ተተካ። የ1966 ሞዴል የሆነው ቮልስዋገን 1300 በኋላ ክዳኑ ላይ ይህንኑ ቁጥር ይዟል፤ የፊት መብራቶቹም ከፓራፋንጎው ጋር ወደ ኋላ ያዘነበሉ ናቸው። ከ1968 ሞዴል ጀምሮ ግን መብራቶቹ ቀጥ ብለው ቆሙ፤ ፓራውልቶቹም ከፍ አሉ።

ታሚያ የ1966ቱን ቮልስዋገን 1300 በ1/24 አቅርቧል። የሌላ ዓመት ቢትል መሥራት የሚፈልግ ሰው ከዚህ ኪት ቀለሙን ብቻ ለውጦ ሊያገኘው አይችልም፤ መብራቱን፣ ፓራውልቱንና መስታወቱን ማስተካከል አለበት።

ጥያቄው በኢትዮጵያ ታሪክም ይገጥማል። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ከሥልጣን ሲወርዱ ከቤተ መንግሥታቸው የተወሰዱት በቮልስዋገን ቢትል ነበር። ይህን የመሰለ የታወቀ መኪና በሞዴል ማሳየት የሚፈልግ ሠሪ ፎቶግራፍ አይቶ የመብራቱንና የፓራውልቱን ቅርጽ መለየት ይኖርበታል። ለብዙ ዓመታት የተነዳ መኪና ሲጠገን የሌላ ዓመት ምርት ክፍል ሊገጠምለትም ይችላል። ስለዚህ ሠሪው አስቀድሞ መወሰን ያለበት ነገር አለ፦ ሞዴሉ መኪናው ከፋብሪካ የወጣበትን መልክ ነው ወይስ በመንገድ ላይ የኖረበትን መልክ የሚያሳየው? ሁለቱም ትክክል ናቸው፤ መደባለቃቸው ግን ስህተት ነው።

አሠራር

ማዘጋጀት። ክፍሎቹ በለብ ያለ ውሃና በሳሙና ይታጠባሉ፤ ከፋብሪካ የቀረ ቅባት ካለ ቀለም አያስይዝም። ክፍሎቹ ከዘንጉ የሚቆረጡት በፒንሳ ነው፤ በእጅ መገንጠል ፕላስቲኩን ይቦጭቃል። የመጋጠሚያው መስመር በስለትና በብርጭቆ ወረቀት ይስተካከላል፤ ጎድጓዳ ቦታ በስቱኮ ተሞልቶ ከደረቀ በኋላ ይሞረዳል። ከዚያ ዋና ዋና ክፍሎች ያለ ማጣበቂያ ተገጥመው ይሞከራሉ። ሻንሲው በቦዲው ውስጥ በትክክል አለመግባቱ ከቀለም በፊት ከታወቀ ማስተካከሉ ቀላል ነው፤ ከቀለም በኋላ ግን ቀለሙን ያበላሻል።

ቦዲውን መቀባት። ቅደም ተከተሉ ጋራዥ ውስጥ በቦዲና ቀለም ክፍል ከሚሠራው ጋር ይመሳሰላል። በመጀመሪያ ፕራይመር ይረጫል። ፕራይመር ቀለሙን ከማስያዙም በላይ ያልታዩ ጭረቶችን ስለሚያጋልጥ ሠሪው ወደ ስቱኮና ብርጭቆ ወረቀት ሊመለስ ይችላል። ዋናው ቀለም በስፕሬይ ወይም በኮምፕሬሰር በሚሠራ ቀጭን መርጫ በስስ በስሱ ይደራረባል። አንዴ በወፍራሙ መርጨት ቀለሙን ያንጠባጥባል፤ የበርና የኮፈን መስመሮችንም ይደፍናል። በመጨረሻም ቀለም የሌለው አብረቅራቂ ሽፋን ይረጫል፤ ሙሉ በሙሉ ሲደርቅ በውሃ በራሰ በጣም ልም የብርጭቆ ወረቀት ይታሻል፤ ከዚያም በፖሊሽ ይወለወላል።

የቀለሞች ዓይነት መደባለቅ ጥንቃቄ ይፈልጋል። በላከር ላይ ኢናሜል መቀባት ይቻላል፤ በኢናሜል ላይ ላከር ቢረጭ ግን የላከሩ ቲነር የታችኛውን ቀለም አሟሙቶ ሊያሸበሽበው ይችላል።

ክሮም። በመስኮት ዙሪያ ያሉ የክሮም መስመሮች የሚሠሩት ጀርባው ማጣበቂያ ባለው እጅግ ስስ የአሉሚኒየም ቅጠል ነው። ቅጠሉ ቦታው ላይ ይለጠፋል፣ በስቴክኒ ወይም በጥጥ ይተሻሻል፣ ትርፉም በአዲስ ስለት ይቆረጣል። ክሮም ለብሰው የመጡ ክፍሎች ሲጣበቁ በመጋጠሚያው ቦታ ያለው ክሮም መፋቅ አለበት፤ ማጣበቂያው የሚይዘው ፕላስቲኩን እንጂ ክሮሙን አይደለም። ክሮሙ ከተበላሸ ክፍሉን በረኪና ውስጥ በመዘፍዘፍ ማስለቀቅና እንደገና መቀባት ይቻላል።

ማጣበቅ። የፖሊስታይሪን ማጣበቂያ እንደ ሙጫ በመሃል ሆኖ የሚያያዝ አይደለም። የሁለቱን ክፍሎች ገጽ ያሟሟል፤ ፈሳሹ ሲተን ፕላስቲኩ እንደ ብየዳ አንድ ይሆናል። በቀለም ላይ ስለማይሠራ የሚጣበቀው ቦታ ከቀለም ነጻ መሆን አለበት። ለመስታወት ግን ይህም ሆነ ሱፐር ግሉ አይመከርም፤ የመጀመሪያው ግልጹን ፕላስቲክ ያሟሟል፤ የሁለተኛው ተን ነጭ ጭጋግ ይተውበታል። ሲደርቅ ግልጽ የሚሆን የእንጨት ኮላ ይሻላል።

ሻንሲና የውስጥ ክፍል። እነዚህ በአብዛኛው በደብዛዛ ቀለም ስለሚቀቡ ከቦዲው ይቀልላሉ፤ ቦዲው እስኪደርቅ ባለው ጊዜ ሊሠሩ ይችላሉ። የቢትል ሞተር በኋላ የሚገኝና በአየር የሚቀዘቅዝ ስለሆነ ከፊት ራዲያተር የለም፤ በፊት ኮፈን ሥር ያሉት የነዳጅ ታንኩ፣ ተቀያሪ ጎማውና የዕቃ ቦታው ናቸው።

በስኬል የማይቀንሱ ነገሮች

ቅርጽን ለ24 ማካፈል ቢቻልም ቀለም፣ አቧራና ብርሃን አብረው አይቀንሱም። የሞዴል ቀለም ውፍረት 0.05 ሚሊ ሜትር ቢሆን በእውነተኛው መኪና ላይ ከ1.2 ሚሊ ሜትር ጋር እኩል ነው፤ የእውነተኛ መኪና ቀለም ግን ውፍረቱ 0.1 ሚሊ ሜትር አካባቢ ነው። ቀለም ውስጥ የወደቀ 0.07 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ፀጉር በ1/24 ሞዴል ላይ 1.7 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ገመድ ይመስላል። ብልጭ ብልጭ የሚል የብረት ቅንጣት ያለው ቀለምም ለእውነተኛ መኪና ተብሎ የተሠራ ከሆነ ቅንጣቶቹ በሞዴሉ ላይ በጣም ተልቀው ይታያሉ። በስስ መቀባት፣ ከአቧራ መጠበቅና ጊዜ መስጠት አስፈላጊ የሆኑት በዚህ ምክንያት ነው።

ጥንቃቄና አያያዝ

ስፕሬይ፣ ቲነርና ማጣበቂያ የሚተን ኬሚካል ስላላቸው አየር በሚዘዋወርበት ቦታ፣ ከእሳት ርቆና ለኬሚካል ተን የተሠራ የአፍና የአፍንጫ መሸፈኛ አድርጎ መሥራት ያስፈልጋል። በረኪና ከሌላ የጽዳት ኬሚካል ጋር ፈጽሞ መቀላቀል የለበትም። በብርጭቆ ወረቀት በደረቁ መሞረድ ብናኝ ስለሚያስነሳ በውሃ እያራሱ መሞረድ ይመረጣል።

ፖሊስታይሪን በ100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ስለሚለሰልስ ያለቀ ሞዴል ከሙቀት ምንጭና ከቀጥታ ፀሐይ መራቅ አለበት። በአንዳንድ ኪቶች ከለስላሳ ፕላስቲክ የተሠሩት ጎማዎች ለማለስለሻ የተጨመረባቸው ኬሚካል በዓመታት ውስጥ እየወጣ የነኩትን ፖሊስታይሪን ያሟሟል። ቸርኬው ጎማውን በሚነካበት ቦታ የአሉሚኒየም ቅጠል ማልበስ ይህን ይከላከላል።