የሕግ ተማሪ እንዴት ይበስላል

ጥንት በአገራችን ሕግ የሚማር ሰው ሁለት ትምህርት ቤት ነበረው። አንደኛው የመጻሕፍት ቤት ሲሆን፥ ደቀ መዝሙሩ ከመምህሩ እግር ሥር ተቀምጦ የፍትሐ ነገሥትን ንባብና ትርጓሜ ያጠና ነበር። ይህ መጽሐፍ 51 አንቀጽ አለው፤ የፊተኞቹ 22 ስለ ቤተ ክርስቲያን፥ የቀሩት ስለ ዓለማዊ ነገር ይናገራሉ። ሁለተኛው ግን ግድግዳም ጣራም የሌለው፥ ከዛፍ ጥላ ሥር የሚቆም ችሎት ነበር። በዚያ ባለ ጉዳዮች «በላ ልበልሃ» እየተባባሉ፥ ማር ወይም በቅሎ እየተወራረዱ በቃል ይሟገታሉ፤ መንገደኛውም ልጁም ቆሞ ይሰማል።

በዳኛው ዙሪያ የተቀመጡት ሰዎች አሳባቸውን ሲሰጡ የሚጀምረው ታናሹ ነበር፤ ታላቁ በመጨረሻ ይናገራል። ታላቁ አስቀድሞ ቢናገር ታናሹ አፍሮ ያንኑ በደገመ ነበርና። እንዲህ ስለ ሆነ ወጣቱ በገዛ አሳቡ ይፈርዳል፤ ከዚያ በኋላ የበላዮቹን ሲሰማ ስሕተቱ የት እንደ ነበረ ያስተውላል። ይህ ሥርዓት ከብዙ ተግሣጽ ይልቅ ያስተምር ነበር።

በ1956 ዓ.ም በአዲስ አበባ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ፋኩልቲ ተከፈተ። ዛሬ ደግሞ የደጎሎ ልጅ አዲስ አበባ ሳይደርስ፥ ደሴ በሚገኘው በወሎ ዩኒቨርሲቲ ሕግ ሊማር ይችላል።

ጀማሪ ተማሪ ሕግ ማለት ቁጥርን በቃል መያዝ ይመስለዋል። የ1952 ዓ.ም የፍትሐ ብሔር ሕግ ብቻ ሲወጣ 3367 ቁጥሮች ነበሩት፤ ሁሉን በቃሉ ልያዝ የሚል በከንቱ ይደክማል። ትልቁ ሥራ ሌላ ነው። አንዲት የደጎሎ መበለት ጎረቤቷ ድንበር አልፎ አረሰብኝ ብላ ከሰሰች እንበል። ጀማሪው እንባዋን አይቶ ወዲያው ይፈርድላታል፤ ጎረቤቱ ሲናገር ደግሞ ወደ እርሱ ያዘነብላል። ውሎ አድሮ መጠየቅን ይማራል፤ የድንበሩን ድንጋይ ማን አኖረው? ማን አየ? የይዞታው ደብተር ምን ይላል? መምህሩም በምስለ ችሎት፥ ማለት ለልምምድ በሚደረግ ሙግት፥ ስለ ጎረቤቱ ሆነህ ተከራከር ይለዋል። ይህ ለተማሪው እጅግ ይከብደዋል፤ ነገር ግን የመበለቲቱ ነገር በየት በኩል ደካማ እንደ ሆነ የሚያውቀው ያን ጊዜ ነው።

በመጨረሻ ተማሪው ከእውነተኛ ባለ ጉዳይ ፊት ይቀመጣል። መበለቲቱ ማንበብ አታውቅም፤ እርሱ የክሷን ማመልከቻ ይጽፍላታል። ዋናውን ነገር ቢዘል ወይም የቀጠሮው ቀን ቢያልፍ ልጆቿን የምታበላበት መሬት ሊሄድባት ይችላል። ስለዚህ የጻፈውን ጮኾ ያነብላታል።

«ልጄ፥ እኔ እንዲህ አላልሁም» ትለዋለች።

እርሱም ወረቀቱን ቀድዶ እንደ ገና ይጽፋል።