ያነከሰው ምቱ ነው ወይስ ጆሯችን?

በየዓመቱ ከነሐሴ 16 ቀን ጀምሮ፣ የፍልሰታ ጾም ሲፈታ፣ በቆቦና በአካባቢው ልጃገረዶች ከበሮ ይዘው «ሶለል» ለመጫወት ይወጣሉ። ከቆቦ ተነሥቶ በዋጃ በኩል ወደ አላማጣ የሚጓዝ ሰው አማርኛና ትግርኛ ጎን ለጎን የሚነገሩበትንና የሚዘፈኑበትን የራያን ቆላ ያቋርጣል። ለመሆኑ የሁለቱ ቋንቋዎች ዘፈን ሲመታ ልዩነቱ ምኑ ላይ ነው?

ውድ አንባቢ ሆይ፣ ነገሩን እያጨበጨብን እንመርምረው። በአማርኛ ዘፈን የተለመደው ችክችካ በስድስት ፈጣን ቆጠራዎች ይዞራል። ስድስት ለሁለትም ለሦስትም እኩል ስለሚከፈል እርምጃው የተመጣጠነ ነው። የትግርኛው ጓይላ ግን ብዙውን ጊዜ በአምስት ይቆጠራል። አምስት ለሁለት እኩል አይከፈልምና አንደኛው እርምጃ ሦስት፣ ሁለተኛው ሁለት ቆጠራ ይይዛል፤ አንዱ ረዘም፣ ሌላው አጠር ይላል ማለት ነው።

ይህ የቁጥር ጠባይ የእኛ ብቻ አይደለም። የሰሜን ህንድ የጥንታዊ ሙዚቃ ሊቃውንት «ታላ» የሚሏቸው የምት ዑደቶች አሏቸው። «ሩፓክ» የተባለው ሰባት ቆጠራ ሲሆን 3+2+2 ተብሎ ይከፈላል፤ «ጃፕታል» ደግሞ አሥር ሆኖ 2+3+2+3 ይሆናል። ተማሪው ምቶቹን በአፉ እየጠራ፣ በእጁ እያጨበጨበ ያጠናቸዋል።

እንዲህ ያለውን ምት ያልለመደ ሰው «ያነክሳል» ይለዋል። ኤሪን ሃኖንና ሳንድራ ትሬሀብ በ2005 እ.ኤ.አ. ያሳተሟቸው ጥናቶች ግን ሌላ ነገር ያመለክታሉ። የሰሜን አሜሪካ የስድስት ወር ሕፃናት እኩል ባልሆነው የባልካን አገሮች ምት ውስጥ የገባውን መዛባት ለይተዋል፤ የአገራቸው አዋቂዎች ግን ተሳናቸው። በአሥራ ሁለት ወራቸው ሕፃናቱም እንደ አዋቂዎቹ ሆኑ። ሆኖም ያን ሙዚቃ ለሁለት ሳምንት ያህል በቤታቸው የሰሙ የአሥራ ሁለት ወር ሕፃናት ችሎታውን መልሰው ሲያገኙ፣ በተመሳሳይ መንገድ የሰሙት አዋቂዎች እንደ እነርሱ አልተሳካላቸውም።

እንግዲህ ያነከሰው ምቱ ሳይሆን ያልለመደው ጆሮ ነው። በተዘጋጀ የኪቦርድ ምት ብቻ ያደገ ልጅ አምስቱን በኋላ ሊማር ቢችልም ድካሙ ይበዛበታል። በእናቱ ጀርባ ታዝሎ ወደ ከበሮው የሄደ ሕፃን ግን መቁጠር ሳይችል ትምህርቱን ጀምሯል።