ካምቢዮው ሲያላዝን

ከወር ደመወዙ እየቆጠበ፥ ከወንድም ከእኅቱም እየተበደረ አሮጌ መኪና የገዛ ወጣት ሠራተኛ ስለ መኪናው አስቀድሞ የሚያውቀው ቀለሙንና የመቀመጫውን ምቾት ነው። ድምፁን የሚያውቀው ቆይቶ ነው፤ ይኸውም አንድ ቀን ከሞተሩ ጉርምርምታ በላይ፥ እንደ ቢምቢ ድምፅ የቀጠነ ልቅሶ ከእግሩ ሥር ሲሰማ ነው። ፍጥነት ሲጨምር ልቅሶው ይቀጥናል፥ ሲቀንስ ይወፍራል። ያን ጊዜ ሬዲዮኑን ከፍ አድርጎ ሊሸፍነው የሚሞክር አለ፤ ወደ ጋራዥ ገስግሶ «ካምቢዮው አልቆለታል» የሚል ፍርድ ተቀብሎ የሚመለስም አለ። እኛ ሁለቱንም አንመክርም።

አንድ ባልንጀራችን ሁለተኛውን መንገድ መርጦ ነበር። ካምቢዮው ወረደ፥ ተፈታ፥ ኩሽኔታ ተለወጠለት፥ ተመልሶም ተገጠመ፤ ለዚህ ሁሉ የሁለት ወር ደመወዙን ከፈለ። ከጋራዡ በር ወጥቶ መሪውን ወደ ቀኝ ባዞረ ጊዜ ያው ልቅሶ እንደ ቀድሞው ተቀበለው። ለካ ሲያላዝን የኖረው ዘይት ያነሰው የመሪው ፓምፕ ኖሯል። መኪናው ቆሞ ሞተሩ እየሠራ ሳለ መሪውን አንድ ጊዜ ግራና ቀኝ የሚያዞር ሰው ቢገኝ ኖሮ ነገሩ ከአንድ ደቂቃ በማይበልጥ ጊዜ በታወቀ ነበር። ዳኛ እንኳ ምስክር ሳይሰማ አይፈርድም፤ መካኒክም ቢሆን ካምቢዮ ከማውረዱ በፊት መጠየቅ ያለበት ብዙ ነገር አለ። መካኒኩ ባይጠይቅ ባለቤቱ ይጠይቅ። ለዚህ የሚያስፈልገው ጆሮና ጥቂት ትዕግሥት ብቻ ነው።

በመጀመሪያ ልቅሶው ከምን እንደሚወለድ እንመልከት። ካምቢዮ በዘይት የተነከሩ ባለ ጥርስ ማርሾች የሚሽከረከሩበት ሣጥን ነው። አንዱ ጥርስ ሌላውን በነካ ቁጥር ጥቂት ይመታዋል። አንድ ዘንግ በደቂቃ 3000 ጊዜ ቢዞር በሰከንድ 50 ጊዜ ዞረ ማለት ነው፤ በላዩ ያለው ማርሽ 20 ጥርስ ቢኖረው በየሰከንዱ 1000 ጊዜ ጥርስ ከጥርስ ይገናኛል። አንድ ሺሕ ምት በአንድ ሰከንድ ሲሆን ጆሮ አንድ የቀጠነ ዜማ አድርጎ ይሰማዋል። እንግዲህ የቀጠነው ልቅሶ አብዛኛውን ጊዜ የጥርስ ነው፤ ኩሽኔታ ግን ኳሶቹ ሲቆሳቆሉ ከማልቀስ ይልቅ ማጉረምረም ይወዳል። ይህ ልዩነት ሁልጊዜ አይጠራም፤ ምክንያቱም ኩሽኔታው ሲላላ ዘንጉ ከቦታው ይሸሻል፥ ዘንጉ ሲሸሽ ጥርሶቹ በትክክል አይገጥሙም፥ ስለዚህም የኩሽኔታው በሽታ በጥርሱ አፍ ይናገራል።

ጥርሱ ቀጥ ብሎ የተቆረጠ ማርሽ ጤነኛም ሆኖ ይጮኻል፤ ጥርሱ በሙሉ ወርዱ ባንድ ጊዜ ስለሚገናኝ ነው። በሰያፍ የተቆረጠው ግን ከአንድ ጫፍ ጀምሮ ቀስ እያለ ስለሚገባ ዝም ይላል። በብዙ መኪናዎች የኋላ ማርሽ ጥርስ ቀጥ ያለ ነው። ከጋራዥ ወደ ኋላ ሲወጣ ብቻ «ዊ» የሚል መኪና ያለው አንባቢ እንግዲህ በሰላም ይተኛ። ሰያፉ ጥርስ ደግሞ ዘንጉን ወደ ጎን የመግፋት ጠባይ አለው፤ ይህን ለማጥፋት ሁለት ሰያፎችን እንደ ሁለት ጣራ አንዱን ከሌላው አጋጥሞ መቁረጥ ይቻላል። ፈረንሳዊው አንድሬ ሲትሮኤን በ1900 (በአውሮፓ አቆጣጠር) ፖላንድ ሄዶ ይህን የመሰለ ጥርስ አይቶ የፈጠራውን መብት ገዛ፤ ዛሬ በሲትሮኤን መኪና ግንባር ላይ የምናያቸው ሁለት ጣራዎች የዚያ ጥርስ ሥዕል ናቸው። ብዙ ሰው የወታደር ማዕረግ ይመስለዋል።

ወደ ምርመራው እንመለስ። መኪናውን ሜዳ ላይ አቁሞ፥ የእጅ ፍሬን ይዞ፥ ማርሹን ዜሮ አድርጎ ሞተሩን ማስነሣት ነው። እግር ከፍሪሲዮን ላይ ሲነሣ የካምቢዮው የመግቢያ ዘንግና ከሥሩ ያለው ረዳት ዘንግ ከሞተሩ ጋር ይዞራሉ፤ ፍሪሲዮኑ ሲረገጥ ይቆማሉ። ድምፁ እግር ሲነሣ ተሰምቶ ሲረገጥ ከጠፋ፥ ጥርጣሬው በነዚህ ሁለት ዘንጎችና በኩሽኔታዎቻቸው ላይ ነው። ይህ ተገላብጦ ድምፁ ሲረገጥ ብቻ ከመጣ፥ የሚያለቅሰው ፍሪሲዮኑን የሚገፋው ኩሽኔታ ነው፤ እርሱ ከካምቢዮው ውጭ ነው፥ ዋጋውም ከካምቢዮ ጥገና ጋር አይወዳደርም። ረገጡትም ተዉትም ድምፁ ካልተለወጠ ደግሞ ወደ ሞተሩ ፊት ሄዶ ቺንጋውን፥ ዲናሞውንና የመሪውን ፓምፕ መመልከት ይገባል። ባልንጀራችን እዚህ ላይ በቆመ ነበር።

ቆሞ የማይሰማ ድምፅ ከሆነ መንዳት የግድ ነው፤ እዚህ ላይ ጉዳዩ ይጣፍጣል። በአንድ ማርሽ ብቻ የሚያለቅስ ካምቢዮ የዚያ ማርሽ ጥርስ ተበልቶበታል። በአንደኛ፥ በሁለተኛና በሦስተኛ አልቅሶ በአራተኛ ዝም የሚል ከሆነስ? የኋላ ጎማው በሚጎትተው በብዙ መኪና አራተኛው ማርሽ የመግቢያውንና የመውጫውን ዘንግ በቀጥታ ያገናኛል፤ ረዳቱ ዘንግ ይዞራል እንጂ ሸክም የለበትም። ሸክም ሲወርድለት ዝም ካለ ጥፋቱ የርሱ ነው። ይህ ማስረጃ ግን የፊት ጎማ ለሚጎትተው ለትንሹ መኪና አይሠራም፤ ለድሮው ቮልስዋገንም አይሠራም፤ በነርሱ ካምቢዮ ውስጥ እንዲህ ያለ ቀጥታ መንገድ የለምና።

ድምፁ ማርሽ ቢለወጥም የማይለወጥ፥ የመኪናውን ፍጥነት ብቻ የሚከተል ከሆነ ካምቢዮውን ትተን ወደ ዲፈረንሻሉ እንሂድ። ነዳጅ ሲሰጥ የሚሸከመው የጥርሱ አንድ ገጽ ነው፤ እግር ሲነሣና ሞተሩ መኪናውን ሲይዝ ደግሞ ሌላው ገጽ ይሸከማል። ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ ድልድይ በሁለተኛ ማርሽ የወረደ ሰው ይህን ሁለተኛውን ድምፅ በደንብ ይሰማዋል፤ ወደ ደጀን ሲወጣ ደግሞ የመጀመሪያውን። ለመፈተን ብሎ በቁልቁለት ማርሽ ዜሮ የሚያደርግ ግን ፍሬኑን ያቃጥላል፤ ያን ፈተና ለሜዳ ይተውለት። ወደ አንድ ጎን ሲታጠፍ ጨምሮ ወደ ሌላው ሲታጠፍ የሚቀንስ ጩኸት የጎማ ኩሽኔታ ነው።

ምንም ከመፈታቱ በፊት ዘይት ይታይ። በብዙ ባለ እጅ ማርሽ ካምቢዮ ጎን ላይ አንድ ቡሎን አለ፤ መኪናው ተስተካክሎ ቆሞ ቡሎኑ ሲወጣ ዘይቱ እስከ ቀዳዳው ከንፈር መድረስ አለበት። ጣት ገብቶ ዘይት ካልነካ የልቅሶው ምክንያት ሳይገኝ አይቀርም። በዘይቱ ውስጥ እንደ አመድ የላመ ግራጫ ዱቄት ቢታይ የዕድሜ ነገር ነው፤ የሚያብለጨልጭ ስባሪ ቢገኝ ግን ካምቢዮው በእርግጥ ይውረድ። የዘይቱም ዓይነት ይጠየቅ፦ ጂ.ኤል. 5 የሚባለው ለዲፈረንሻል ጥርስ መልካም ሆኖ ሳለ በአንዳንድ ካምቢዮ ውስጥ ያሉትን የናስ ቀለበቶች ሊበላ ይችላል፤ ለነዚያ ጂ.ኤል. 4 ይታዘዝላቸዋል። የመኪናውን መጽሐፍ የሚያነብ ሰው ጥቂት መሆኑ ያስገርመናል። አውቶማቲክ ካምቢዮ ያለው ደግሞ ልቅሶውን በዜሮም በፓርኪንግም ከሰማ ዘይቱንና ማጣሪያውን ያስመርምር፤ ፓምፑ ሞተሩ በሠራ ቁጥር ይሠራልና፥ ዘይት ሲያጥረው አየር እየሳበ ይጮኻል።

ዝምታም ቢሆን ሁልጊዜ አይታመንም። በአሮጌ መኪና ንግድ የታወቀ አንድ ተንኰል አለ፤ ያላለቀሰ ካምቢዮ ለመሸጥ ሰጋቱራ ወይም ወፍራም ግራሶ በዘይቱ ውስጥ ይጨመራል። ለጥቂት ቀን ጸጥ ይላል፤ ከዚያም ኩሽኔታው ዘይት አጥቶ ይቃጠላል። ስለዚህ ገዢ ሲፈትን መኪናውን እስኪሞቅ ይንዳ፥ ያን ቡሎንም ያስፈታ። ሻጩ ቡሎኑ እንዳይነካ አጥብቆ ቢለምን መልሱ ተገኘ።

በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች ወደ አገራችን እንዳይገቡ ከተወሰነ ወዲህ የኤሌክትሪክ መኪና የሚነዱ ባልንጀሮች በዝተውልናል፤ ይህ ሁሉ እኛን አይመለከተንም የሚሉም አሉ። የኤሌክትሪኩ ሞተር በጣም ስለሚፈጥን ፍጥነቱን የሚያወርድ የጥርስ ሣጥን ከፊቱ አለው፤ ሣጥኑም ዘይት ይጠጣል። ከኤሌክትሪኩ ራሱ የሚወለድ ቀጭን ፉጨትም አለ፥ እርሱ ጤና ነው። ሁለቱን ለመለየት የሚያስቸግረው የሞተር ጉርምርምታ አለመኖሩ ነው፤ በጸጥታው ውስጥ ጤነኛውም ሕመምተኛውም ድምፅ እኩል ይሰማል። እንግዲህ የነዚህ መኪናዎች ባለቤቶች መኪናው አዲስ ሳለ በየትኛው ፍጥነት እንዴት እንደሚያፏጭ አዳምጠው በማስታወሻቸው ይጻፉ፤ ከሁለት ዓመት በኋላ ወደ ጋራዥ ሲሄዱ «ድሮ በ60 ኪሎ ሜትር አያፏጭም ነበር፥ አሁን ያፏጫል፤ እግሬን ሳነሣ ይጠፋል» ማለት ይችላሉ። እንዲህ ብሎ የሚገባ ደንበኛ ሲመጣ መካኒኩም መፍቻውን አስቀምጦ አስቀድሞ ማዳመጥ ይጀምራል።