ከኩልፎ እስከ አትክልት ተራ በ20 ደቂቃ
የመንገድ ካርታ ሸቀጥ የሚሆንበት ገበያ

ከአርባ ምንጭ ሙዝ ጭኖ የተነሣ አይሱዙ ኩልፎን ተሻግሮ፣ የአባያን ሐይቅ በስተቀኝ እያየ ወደ ሶዶ ሲያቀና በሻሸመኔ በኩል 500 ኪሎ ሜትር ያህል ይጠብቀዋል። ለሹፌሩና ለረዳቱ ይህ የአንድ ሙሉ ቀን ወይም የአንድ ሙሉ ሌሊት ሥራ ነው። በዓለም ላይ ከ10 ሚሊዮን ቅጂ በላይ በተሸጠ አንድ የኮምፒዩተር ጨዋታ ሕግ ቢሰላ ግን ይኸው መንገድ 26 ኪሎ ሜትር ብቻ ይሆናል። በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር ለሚነዳ ሰው 20 ደቂቃ ይበቃዋል።

ጨዋታው «ዩሮ ትራክ ሲሙሌተር 2» ይባላል። አዘጋጁ መቀመጫው በቼክ ሪፑብሊክ ዋና ከተማ በፕራግ የሆነው ኤስ.ሲ.ኤስ. ሶፍትዌር ሲሆን፣ ለገበያ የቀረበውም እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2012 ነው። «አሜሪካን ትራክ ሲሙሌተር» የተሰኘው ወንድሙ በፌብሩዋሪ 2016 ተከትሎታል። በሁለቱም ተኩስ የለም። ተጫዋቹ ተቀጣሪ ሹፌር ሆኖ ይጀምራል፤ ከባንክ ይበደራል፤ የራሱን መኪና ይገዛል፤ ጋራዥ ከፍቶ ሌሎች ሹፌሮችን ይቀጥራል። ነዳጅ ይሞላል፣ የትራፊክ ቅጣት ይከፍላል፣ ሲደክመውም መኪናውን አቁሞ ይተኛል። ባጭሩ የጭነት ሥራ ነው።

ሸቀጡ ምንድን ነው?

የዚህ ንግድ ዋና ሸቀጥ መንገድ ነው። ኩባንያው መሠረታዊውን ጨዋታ ከሸጠ በኋላ አዳዲስ አገሮችን እየሠራ ለየብቻ ይሸጣል። ስካንዲኔቪያ በ2015፣ ፈረንሳይ በ2016፣ ጣሊያን በ2017፣ ስፔንና ፖርቱጋል በ2021፣ ግሪክ በ2024 ወጥተዋል። አሜሪካም በክፍለ ግዛት ተቆራርጣ ትሸጣለች፤ ኦሪገን በ2018፣ ቴክሳስ በ2022 ቀርበዋል። ለምሳሌ የስፔንና የፖርቱጋል ካርታ ለገበያ ሲቀርብ ዋጋው 18 ዩሮ ገደማ ነበር።

የኢኮኖሚክስ ተማሪ ይህን ዓይነት ሸቀጥ ያውቀዋል። የመጀመሪያውን ቅጂ ለመሥራት ብዙ ባለሙያ፣ ብዙ ወራትና ብዙ ገንዘብ ይፈስሳል። ሁለተኛውን ቅጂ ለመሥራት ግን ከሞላ ጎደል ምንም ወጪ የለም። ስለዚህ አዘጋጁ የሚጠይቀው ጥያቄ «የትኛው መንገድ ያምራል?» የሚል ብቻ አይደለም፤ «የትኛውን መንገድ የሚገዛ ሰው ይበዛል?» የሚልም ነው። ገዢው በብዛት ያለው በአውሮፓና በአሜሪካ በመሆኑ ኩልፎ በዚህ ወረፋ ውስጥ የለም።

መንገድ ሲቀነስ ምን ይቀራል?

የአውሮፓው ካርታ የተሠራው በ1 ለ19 ሚዛን ነው። ይህም ማለት 19 ኪሎ ሜትር የነበረው 1 ኪሎ ሜትር ይሆናል። ለብሪታኒያ ሚዛኑ 1 ለ15 ነው። የአሜሪካው ጨዋታ በ1 ለ35 ጀምሮ፣ ከተሞቹ በጣም ስለተቀራረቡ እዚያው በ2016 ወደ 1 ለ20 ተስተካክሏል። የጨዋታው ሰዓትም በዚያው ልክ ይሮጣል።

እንግዲህ ሥራው ማሳነስ ብቻ ሳይሆን መምረጥም ነው። ከአዲስ አበባ እስከ አርባ ምንጭ ሞጆ፣ መቂ፣ ዝዋይ፣ ሻሸመኔ፣ አላባና ሶዶ አሉ። 26ቱ ኪሎ ሜትር ለእነዚህ ሁሉ ሲከፋፈል ለእያንዳንዱ ከ4 ኪሎ ሜትር ትንሽ ከፍ ያለ ብቻ ይደርሰዋል። አዘጋጆቹ በዚህ ጊዜ የሚያስቀሩት አንድ ሹፌር አካባቢውን በአንድ እይታ የሚለይበትን ነገር ነው። በስካንዲኔቪያ ካርታ የስካንያ ፋብሪካ በሶደርታልየ፣ የቮልቮ ፋብሪካ በጎተንበርግ አለ። በፈረንሳይ የኒውክሌር ኃይል ማመንጫዎች፣ በጣሊያን የካራራ የዕብነ በረድ ካባ ገብተዋል። እነዚህ ለዓይን ብቻ አልተቀመጡም፤ ጭነት የሚነሣባቸውና የሚራገፍባቸው ናቸው። የኢንዱስትሪ ሥፍራ ጭነት ካልሰጠ ለተጫዋቹ ግድግዳ ነው።

ለአርባ ምንጭ ቢሆን ዝርዝሩን ማውጣት አይከብድም። በአባያና በጫሞ ሐይቆች መካከል ያለው የእግዜር ድልድይ፣ ከታች ሲቀላ፣ ከላይ ሴቻ፣ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው፣ የላንቴና የጫኖ የሙዝ ማሳ፣ ከዚያም ወደ ጨንቻ የሚያወጣው ጠመዝማዛ ዳገትና የዶርዜ የቀርከሃ ቤቶች ይገኙበታል። ለጨዋታ ዳገቱ ወርቅ ነው፤ ጭነት የሚሰማው በዳገት ነውና።

ስምም ዋጋ አለው

ሌላው ወጪ ስም ነው። የመኪና ምልክት ያለ ባለቤቱ ፈቃድ አይለጠፍም። ጨዋታው በ2012 ሲወጣ የመርሴዲስን መልክ የያዘው መኪና «ማጀስቲክ» በሚል የፈጠራ ስም ነበር የሚነዳው። በካርታው ላይ ያሉት ድርጅቶችም አብዛኞቹ የፈጠራ ናቸው፤ ካርፉርን የሚያስታውሰው ሱፐር ማርኬት ስሙ በአንድ ሁለት ፊደል ተለውጦ ተጽፏል። እኛም ዘንድ የአንድን ፋብሪካ በርና አርማ እንዳለ ለመሳል የሚነሣ ሰው አስቀድሞ የፋብሪካውን ባለቤት ማነጋገር ይበጀዋል።

ጨዋታው የማያውቀው ሒሳብ

በጨዋታው ውስጥ ክፍያው በርቀቱና በጭነቱ ዓይነት ይወሰናል። መኪናው ከተጋጨ ወይም ከዘገየ ይቀነሳል። የሙዝ ነጋዴ ግን ከዚህ የሰፋ ሒሳብ አለው። ሙዝ መኪናው ሳይጋጭም ይበላሻል። ሙቀቱ፣ የዘለላው አደራረብና በየኬላው መቆም ዋጋውን ይበሉታል። መኪናው ወደ አርባ ምንጭ ሲወርድ የሚጭነው ካጣ ደግሞ የባዶ ጉዞው ነዳጅ በሙዙ ላይ ይታሰባል። የላንቴ ገበሬ የሚቀበለውና የአዲስ አበባ ሸማች የሚከፍለው ዋጋ የሚራራቁበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። ደላላው፣ ጫኝና አውራጁ፣ የማብሰያ ቤቱ እያንዳንዳቸው ድርሻቸውን ይወስዳሉ። ይህን ሒሳብ ያስገባ ጨዋታ ቢኖር ለአንድ የንግድ ተማሪ ከብዙ ገጽ መጽሐፍ ይልቅ ባስተማረው ነበር።

መድረሻውም ቢሆን ባለበት አይቆምም። ከፒያሳ በታች የነበረው አትክልት ተራ በ2012 ዓ.ም. በኮሮና ምክንያት ወደ ጃን ሜዳ፣ ቆይቶም ወደ ሃይሌ ጋርመንት ተዛውሯል። በ2011 ዓ.ም. ካርታ የሠራ ሰው መኪናውን ገበያ ወደሌለበት ይልከው ነበር። ካርታ እንደ ሙዙ ይበስላል፤ ይበላሻልም። የፕራጉ ኩባንያም አሮጌ ከተሞቹን እንደገና እየሠራ የሚያወጣው ለዚህ ነው።

ማን ይሥራው?

ለዚህ ገበያ የሚበቃ ገዢ ከሌለ የሚቀረው የፈቃደኞች መንገድ ነው። ኩባንያው ተጫዋቾች የራሳቸውን ካርታ እንዲጨምሩ ይፈቅዳል። «ፕሮሞድስ» የተባለው የፈቃደኞች ቡድን በዚህ መንገድ እስከ አይስላንድ ድረስ ዘልቋል። እኛ ዘንድ ያለው ችግር መረጃ ነው። በአውሮፓ አንድ ካርታ ሠሪ ከወንበሩ ሳይነሣ ጉግል በየመንገዱ ያነሣቸውን ፎቶግራፎች ይመለከታል፤ ኢትዮጵያ ግን ያን ዓይነት የተሟላ ሽፋን የላትም። የአርባ ምንጭን መንገድ የሚሠራ ሰው መንገዱን ራሱ መሄድ አለበት።

ይህ ጉዳት ቢመስልም ለአገሬው ሰው ብልጫ ነው። ከኩልፎ ወንዝ ስሙን የወሰደ ግቢ ያለው የአርባ ምንጭ ዩኒቨርሲቲ በየዓመቱ ወጣት ባለሙያዎችን ያስመርቃል። የአገር ውስጥ ጨዋታ መሥራትም አዲስ ነገር አይደለም፤ የአዲስ አበባው ቅኔ ጌምስ ከገበሬ የምታመልጥ ዶሮን «ኩኩሉ» ብሎ ለስልክ አቅርቧል። የውጪውን ካርታ መግዛት ግን ከብዷል። ብር ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ጀምሮ በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር ከተደረገ ወዲህ የ18 ዶላር ዕቃ ከ1,000 ብር ገደማ ተነሥቶ ከ2,000 ብር አልፏል።

ለጊዜው ከሥራው የሚገኘው ገንዘብ ትንሽ ሊሆን ይችላል። የሚገኘው ሌላ ነገር የመምረጥ ሥልጣን ነው። 500 ኪሎ ሜትር ወደ 26 ሲወርድ አብዛኛው ነገር ይቆረጣል። ከሩቅ የሚሠራው ሰው አዞውንና ሐይቁን አስቀርቶ፣ በላንቴ ዳር ሙዝ ዘርግታ የምትጠብቀዋን ሴት ቢቆርጣት አይፈረድበትም፤ አያውቃትምና። የሚያውቃት ሰው ቀድሞ ቢጀምር ይሻላል።