ሁለቱ ሐዲዶች ካልተስማሙ

ልጆች፣ ፊደላችንን በእንጨት ላይ መቅረጽ የሚችል ማሽን አለ፤ ሲ.ኤን.ሲ. ራውተር ይባላል። የሚያዘው ኮምፒውተር ነው። መቁረጫው የተሰቀለበት ድልድይ በግራና በቀኝ በተዘረጉ ሁለት ሐዲዶች ላይ እንደ ባቡር ይሄዳል።

ሐዲዶቹ አንዱ ጫፍ ላይ ከተቀራረቡ ድልድዩ ይያዛል። አንዱ ከፍ ሌላው ዝቅ ካለ ደግሞ ትልቋ «ለ» አንድ እግሯ ጠልቆ ሌላው ጭረት ብቻ ይሆናል። ኮምፒውተሩ ይህን አያይም፤ የታዘዘውን ይሠራል፣ እንጨቱም ይበላሻል።

ታዲያ እንዴት ይስተካከላል? (ይህ የትልቅ ሰው ሥራ ነው፤ ማሽኑም መጀመሪያ ከኤሌክትሪክ ይነቀላል።) አንዱ ሐዲድ በተወጠረ ሲባጎ ቀጥ ተደርጎ ይታሰራል። በ280 አውራ ጎዳና ስትሄዱ ከሥር የምታዩት የስላክ ረጅም ቤት 3 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1966 ሥራ የጀመረውን ማሽን ለማቅናት ሲባጎ ስለማይበቃ በሌዘር ብርሃን ተለካ! ለእኛ ግን ሲባጎ ይበቃል። ሁለተኛው ሐዲድ ከመጀመሪያው እየተለካ በሁለቱም ጫፍ፣ በመሐልም እኩል ይርቃል። ከፍታው በውሃ ልክ ይታያል። ብሎኖቹ ላላ እንዳሉ ድልድዩን በእጅ ከዳር እስከ ዳር መግፋት፤ ሳይከብድ ሲሄድ ማጥበቅ።

መፈተኛው 60 በ80 ሳንቲ ሜትር የሆነ አራት ማዕዘን መቁረጥ ነው። ሁለቱም ሰያፎች 100 ከመጡ ተስተካክሏል። አንዱ 101 ሌላው 99 ከሆነ ድልድዩ ዘመም ብሏል። አገር ቤት ግንበኞችም የቤት መሠረት ሲያወጡ እንዲህ ነው የሚለኩት።

ወላጆች፣ እስቲ ለልጆቹ ሜትር ስጧቸውና የምግብ ጠረጴዛችሁን ሁለት ሰያፍ ይለኩ።