የከንፈር ቀለም ሕክምና፦ ከመምረጣችን በፊት ማወቅ የሚገባን

በጁሜይራ በአል ወስል መንገድም ሆነ በጁሜይራ ቢች መንገድ ስታልፉ ቀድሞ መኖሪያ ቪላ የነበሩ ብዙ ቤቶች ዛሬ የውበት ክሊኒክ ሆነው ታያላችሁ። በስልካችሁም «የጠቆረ ከንፈር ይቀላል» የሚሉ ማስታወቂያዎች ይመጣሉ። ስለዚህ ከእናንተ መካከል «ቅባቱ ይሻላል፣ ሌዘሩ ወይስ ቀለም መነቀሱ?» ብለው የሚጠይቁ አሉ። ጥያቄው ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን ገንዘባችሁን፣ ጤናችሁን፣ አልፎ ተርፎም የመኖሪያ ፈቃዳችሁን ይነካልና በቅደም ተከተል እንመልከተው።

በመጀመሪያ፣ ከንፈር ለምን ይጠቁራል?

ለቆዳችን ቀለም የሚሰጠው ሜላኒን የሚባለው ንጥረ ነገር ነው። በብዙዎቻችን ዘንድ ከንፈርና ድድ ከተፈጥሮ የጠቆረ ነው፤ ይህም ሕመም አይደለም። እንዲያውም በአገራችን፣ በተለይ በሰሜኑ ክፍል፣ እናቶቻችንና አያቶቻችን ጥርሳቸው ነጥቶ እንዲታይ ድዳቸውን በእሾህ ወይም በመርፌ እያስወጉ በጥላሸት ይነቀሱ ነበር። ትናንት ለማጥቆር ሕመም ይቻል ነበር፤ ዛሬ ደግሞ ለማቅላት ገንዘብ ይከፈላል። ውበት ከዘመንና ከአገር ጋር እንደሚለዋወጥ ከዚህ መረዳት ይቻላል።

ከንፈራችሁ ቀድሞ ቀላ ያለ ሆኖ በኋላ ከጠቆረ ግን ምክንያቱን መፈለግ ያስፈልጋል። ከንፈርን መላስና መንከስ፣ ሲጋራና ሺሻ፣ የበረታ ፀሐይ፣ የማይስማማ ሊፕስቲክ ወይም የጥርስ ሳሙና፣ አንዳንድ መድኃኒቶችም ያጠቁራሉ። ምክንያቱ ሳይወገድ የሚደረግ ሕክምና ከንቱ ድካም ነው፤ ቀለሙ ተመልሶ ይመጣልና።

የሚከተሉትን ምልክቶች ግን አትናቁ። ከከንፈር ጋር ድድና የመዳፍ መስመሮች አዲስ ጥቁረት ካሳዩ፣ ከዚህም ጋር ድካም፣ መክሳት፣ ማዞርና ጨው ማማር ካለ፣ ከኩላሊት በላይ ያለው አድሬናል የተባለ ዕጢ መታመሙን ሊያሳይ ይችላል፤ ለዚህ ሕመም አንዱ መንስኤ የሳንባ ነቀርሳ ተሕዋስ ነው። እንዲሁም የሚያድግ፣ ቅርጹን የሚለውጥ ወይም የሚደማ ጥቁር ነጥብ ካለ ሐኪም ይየው። ይህ የውበት ጉዳይ አይደለም።

1ኛ. ቅባት

ብዙዎች የሚጀምሩት በቅባት ነው፤ ዋጋው ትንሽ፣ አገኛኘቱም ቀላል ስለሆነ። ይሁን እንጂ አደጋው ያለው እዚህ ላይ ነው። በየቦታው ከሚሸጡት ማንጪያዎች አንዳንዶቹ ሜርኩሪ፣ ማለትም ባዝቃ፣ አለባቸው። ባዝቃ ኩላሊትንና ነርቭን ይጎዳል። ከተቀባው ሰው ወደ ቤተሰቡም በንክኪ ይተላለፋል፤ የማዳማችሁን ሕፃን እያቀፋችሁና እየሳማችሁ የምትውሉ ይህን አስተውሉ። ሚናማታ በተባለው ዓለም አቀፍ ስምምነት አገሮች በ2023 ባደረጉት ጉባኤ፣ ባዝቃ የተጨመረባቸው መዋቢያዎች ከ2025 በኋላ እንዳይመረቱና እንዳይሸጡ ተስማምተዋል።

ሃይድሮኪኖን የሚባለው ደግሞ ያለ ሐኪም ለረጅም ጊዜ ሲቀባ ቆዳን ሰማያዊ መሰል ጥቁር ያደርጋል፤ ሊያቀላ የተገዛው ያጠቁራል ማለት ነው። በአሜሪካ ከ2020 ጀምሮ ያለ ሐኪም ትእዛዝ መሸጡ ቀርቷል። እንደ ክሎቤታሶል ያሉ ስቴሮይድ ያላቸው ቅባቶችም የከንፈርን ስስ ቆዳ ያሳሱታል፤ በአፍ ዙሪያም ሽፍታ ያስከትላሉ። ከንፈር ላይ የተቀባ ነገር ከምግብና ከምራቅ ጋር እንደሚዋጥም አትርሱ። ስለዚህ ምን እንደያዘ ያልተጻፈበትን ቅባት አትግዙ፤ የተጻፈበትንም ለፋርማሲ ባለሙያ አሳዩት።

2ኛ. ሌዘር

ሌዘር የብርሃን ጉልበት ነው። ሜላኒኑን ይሰባብረዋል፤ ሰውነትም ስብርባሪውን ቀስ በቀስ ያስወግደዋል። ለጠቆረ ቆዳ ከሚያገለግሉት አንዱ ኪው ስዊችድ ኤንዲ ያግ የሚባለው ሲሆን፣ የ1064 ናኖሜትር ብርሃኑ ለእኛ ዓይነት ቆዳ ከአጫጭሮቹ ይሻላል። በአንድ ቀን አይጨረስም፤ በሳምንታት ልዩነት ተደጋግሞ ይሠራል፣ በየጊዜውም ይከፈላል።

መሣሪያው የባለሙያውን እጅ ይፈልጋል። ጉልበቱ ከበዛ ከንፈር ይቃጠላል፤ ከዳነ በኋላም ከበፊቱ ይበልጥ ይጠቁራል ወይም ነጫጭ ቦታ ይወጣበታል። የተፈጥሮ ጥቁረት ደግሞ ከወራት ወይም ከዓመታት በኋላ ሊመለስ ይችላል።

3ኛ. በመርፌ ቀለም ማስገባት

ይህ ንቅሳት ነው። ሜላኒኑን አያስወግድም፤ በላዩ ሌላ ቀለም ያለብሰዋል። በጠቆረ ከንፈር ላይ ፈዛዛ ሮዝ ብቻ ቢገባ አመድማ ይሆናል፤ ስለዚህ የሚያውቅ ባለሙያ በመጀመሪያ ወደ ብርቱካን የሚያደላ ቀለም ያስገባል። ቀለሙም በጥቂት ዓመታት ውስጥ ይደበዝዛልና እንደገና ይሠራል። በለምጽ ወይም በቃጠሎ ምክንያት ከንፈራቸው ነጭ ቦታ ላለበት ሰዎች፣ ለምጹ መስፋፋቱን ካቆመ፣ ይህ ዘዴ ሊጠቅም ይችላል።

አደጋው ሦስት ነው። አንደኛ፣ ምች የምንለው የከንፈር ቁስል ይቀሰቀሳል፤ ከዚህ በፊት ያወጣባችሁ ለሐኪም ከነገራችሁ አስቀድሞ የሚወሰድ መድኃኒት ያዛል። ሁለተኛ፣ በተለይ ቀይ ቀለም አለርጂ ያመጣል። ሦስተኛውና ከባዱ፣ ንጹሕ ያልሆነ መርፌ ወይም ለብዙ ሰው የሚነከር የቀለም ዕቃ ሄፓታይተስና ኤችአይቪ ያስተላልፋል። ለመኖሪያ ፈቃድ የሚደረገው ምርመራ ኤችአይቪን እንደሚመለከት ታውቃላችሁ። በጓደኛ አፓርታማ ውስጥ በርካሽ የተደረገ ንቅሳት ሥራንና ቪዛን ሊያሳጣ ይችላል ማለት ነው። ሳይቸግር ጤፍ ብድር እንዲሉ።

ቅደም ተከተሉን አታዛቡ

ቀለም ከገባበት በኋላ ሌዘር ማሠራት ሌላ ችግር አለው። በቀለሙ ውስጥ የብረት ኦክሳይድ ወይም ቲታኒየም ካለ ሌዘር ሲነካው ወዲያው ይጠቁራል። ስለዚህ ከንፈራችሁ አስቀድሞ የተነቀሰ ከሆነ ለሐኪሙ ሳትደብቁ ንገሩ።

እንግዲህ የቱን እንምረጥ?

ከንፈራችሁ በተፈጥሮ የጠቆረ ከሆነ እንዳለ መተው ራሱ ሙሉ ምርጫ ነው። ጥቁረቱ በኋላ የመጣ ከሆነ ምክንያቱን አስወግዱ፣ ቫዝሊን ተቀቡ፣ ከፀሐይ የሚከላከል የከንፈር ቅባት ተጠቀሙ፣ ወራትም ታገሡ። ከዚህ በኋላ ሕክምና ከፈለጋችሁ የቆዳ ሐኪም ዘንድ ሂዱ። ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት እነዚህን ጠይቁ፦ የሚሠራው ማነው፣ ፈቃዱስ የት አለ? በጠቅላላው ስንት ጊዜ ይሠራል፣ ድምር ዋጋውስ ስንት ነው? በትንሽ ቦታ ሙከራ ይደረጋል? መርፌው አዲስ ከሆነ ፊቴ ይከፈታል? መልስ የሚያድበሰብስ ካለ ተነሥታችሁ ውጡ።

በዱባይ ለክሊኒክና ለሐኪም ፈቃድ የሚሰጠው የዱባይ ጤና ባለሥልጣን ነው፤ ስልኩ 800342። ለሻርጃና ለአጅማን የጤናና መከላከያ ሚኒስቴር ነው፤ ስልኩ 80011111። የጸጉር ቤት ፈቃድ የሌዘር ፈቃድ አይደለም።

ስለ ኢንሹራንስም እንናገር። በዱባይ የቀጠረው ወገን የጤና ኢንሹራንስ ይገባል፤ በሻርጃና በአጅማንም ከጥር 2025 ጀምሮ ለቤት ሠራተኞች ግዴታ ሆኗል። መሠረታዊው ኢንሹራንስ የውበት ሕክምናን አይከፍልም፤ የተጠረጠረ ሕመምን ለማስመርመር ግን ካርዳችሁን ይዛችሁ ሂዱ።

በመጨረሻም ጊዜውን አስቡ። በ2022 የወጣው የቤት ሠራተኞች ሕግ በሳምንት አንድ የዕረፍት ቀን ይሰጣል። ከንፈር ግን ከሌዘርም ከመርፌም በኋላ ለቀናት ያብጣል፣ ይቀረፋል፤ ከምድጃ ሙቀት፣ ከፀሐይና ከበርበሬ መራቅ አለበት። በማግስቱ ወጥ ቤት ለምትገባ ይህ ከባድ ነውና በዓመት ፈቃድ ጊዜ ማድረግ ይሻላል። እብጠቱ ከጨመረ፣ መግል ከያዘ ወይም ትኩሳት ከመጣ አትደብቁ፤ ለማዳማችሁ ነግራችሁ ሐኪም ዘንድ ሂዱ። ትንፋሽ ካጠረ ግን ወዲያው 998 ደውሉ።

የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል። በላባችሁ ያገኛችሁትን ድርሃም ከማውጣታችሁ በፊት ይህን ጽሑፍ ለጓደኞቻችሁም አንብቡላቸው።