«ራዲያተሩ አፈሰሰ፣ ብር ላኪ» ሲሉሽ፦ ገንዘቡ ከመውጣቱ በፊት ማወቅ ያለብሽ

ሥራ ጨርሰሽ ማታ አምስት ሰዓት ላይ ስልክሽን ስትከፍቺ ከሀገር ቤት የድምፅ መልእክት ይጠብቅሻል። «እህቴ፣ መኪናዋ ውሃ አልይዝ አለች። መካኒኩ ራዲያተሩ ካልተቀየረ አይሆንም ብሏል። ቶሎ ላኪልኝ፣ ሥራ ቆሟል።» ያቺ ሚኒባስ ወይም ቪትዝ የተገዛችው አንቺ ሰው ቤት ዓመታት ደክመሽ ባጠራቀምሽው ነው። ቤተሰቡም የሚበላው ከእሷ ነው። ታዲያ ምን ታደርጊያለሽ?

አንዷ ሳትጠይቅ ትልካለች፤ ራዲያተሩ ተቀይሮም ውሃው መፍሰሱን ላያቆም ይችላል። ሌላዋ «ደግሞ ብር ፈለጉ» ብላ ዝም ትላለች፤ ሾፌሩም ውሃ በጀሪካን ይዞ እየጨመረ ይነዳል። ሁለቱም ያስከፍላል፤ የሁለተኛው ግን ይብሳል። ውሃ ያጠረው ሞተር ከመጠን በላይ ሲግል ቴስታታው ይጣመማል፣ ጓርኒሲዮኑ ይቃጠላል። ያኔ ወጪው የአንድ ቱቦ መሆኑ ቀርቶ የሞተር ይሆናል።

ስለዚህ ቅደም ተከተሉ እንዲህ ይሁን፦ ዛሬ መኪናዋ ትቁም። ነገ ጠዋት ውሃው የሚወጣበት ቦታ ይታወቅ። ገንዘቡ ከዚያ በኋላ ይላክ። ይህን ለመጠየቅ መካኒክ መሆን አያስፈልግሽም። የሚከተለውን ማወቅ ይበቃሻል።

ውሃው የት የት ይሄዳል?

ሞተር ሲሠራ ይግላል። ውሃ ወይም ኩላንት በሞተሩ ውስጥ እየዞረ ሙቀቱን ይቀበልና በጎማ ቱቦ ወደ ራዲያተሩ ይሄዳል። እዚያ ነፋስና ፋን ያቀዘቅዙትና ተመልሶ ሞተር ውስጥ ይገባል። የሚያዞረው የውሃ ፓምፕ ነው። እንግዲህ ውሃ ሊያፈስ የሚችለው ራዲያተሩ ብቻ አይደለም፤ ክዳኑ፣ ቱቦዎቹ፣ የቱቦ ማሰሪያዎቹ፣ ፓምፑ፣ የሂተሩ ትንሽ ራዲያተር ወይም የቴስታታው ጓርኒሲዮን ሊሆን ይችላል። ክዳንና ማሰሪያ ርካሽ ናቸው። ቴስታታ ማስፈታት ግን ከባድ ወጪ ነው። «ራዲያተር ነው» የሚለው ቃል ብቻውን የማይበቃው ለዚህ ነው።

ክዳኑን አትናቂው

የምትሠሪበት ቤት ሥጋ የምትቀቅዪበትን የግፊት ድስት አስቢው። ክዳኑ በደንብ ካልገጠመ እንፋሎቱ ይወጣል፣ ውሃው ያልቃል፣ ሥጋውም አይበስልም። የራዲያተር ክዳንም እንደዚያው ግፊት ይይዛል። ግፊት ሲኖር ውሃው ቶሎ አይፈላም።

አዲስ አበባ ላይ ይህ ነገር የበለጠ ያስፈልጋል። ከተማዋ ከፍታ ላይ ስለሆነች ክፍት ድስት ውስጥ ያለ ውሃ በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። የሞተር የሥራ ሙቀት ደግሞ 90 አካባቢ ነው። ጥሩ ክዳን ያለው መኪና ግን ውሃው ከ110 ዲግሪ በላይ ሳይፈላ ይቆያል። የክዳኑ ጎማ ከደረቀ ወይም ስፕሪንጉ ከደከመ፣ ራዲያተሩ ደህና ሆኖም መኪናዋ ውሃ ስትተፋ ትውላለች። ስለዚህ የመጀመሪያው ጥያቄሽ «ክዳኑ ታይቷል ወይ?» ይሁን። ሲቀየር ደግሞ ክዳኑ ላይ የተጻፈው የግፊት ቁጥር ለመኪናዋ ሞዴል የሚሆነው መሆን አለበት።

ዛሬ ማታ የምትነግሪው

የሙቀት መለኪያው ወደ ላይ ከወጣ ወዲያው ጥግ ይዞ ሞተሩን ያጥፋ። ኤሲ ከበራ ይጥፋ። ለመቆም የግድ ትንሽ መሄድ ካለበት ሂተሩን እስከ መጨረሻው ይክፈት፤ ሙቀት ከሞተሩ ይቀንሳል።

ክዳኑን በትኩሱ በፍጹም እንዳይከፍት። የሚወጣው እንፋሎትና የፈላ ውሃ ፊትና እጅ ያቃጥላል። ቢያንስ ግማሽ ሰዓት፣ ከተቻለም ከዚያ በላይ ይጠብቅ። የላይኛው ቱቦ በእጅ ሲነካ ቀዝቃዛ ሲሆን ብቻ፣ በጨርቅ ይዞ ቀስ ብሎ ይክፈት። በጋለ ሞተር ላይም ቀዝቃዛ ውሃ አይደፋም፤ ብረቱ ሊሰነጠቅ ይችላል።

ነገ ጠዋት የሚታየው

ሞተሩ ቀዝቅዞ ባደረበት ሰዓት በቪዲዮ ደውይለት። ማታውኑ መኪናዋ ስር ካርቶን ዘርግቶ ይደር። ጠብታው የወደቀበት ቦታ ብዙ ይናገራል። ሚኒባስ ከሆነች ሞተሩ በብዛት ከፊት ወንበር ስር ስለሆነ ወንበሩ ተነስቶ ይታይ።

1. ከፊት ለፊት ከራዲያተሩ ስር ከሆነ፦ ራዲያተሩ ወይም የታችኛው ቱቦ ነው። ውሃ የሚያልፍበት ቦታ ሲደርቅ ነጭ፣ አረንጓዴ ወይም የዝገት ቀለም ያለው መስመር ይተዋል። ያንን መስመር ወደ ላይ ተከትሎ መነሻውን ያሳይሽ።

2. ቱቦው ጫፍ ላይ ከሆነ፦ ማሰሪያው ላልቶ ወይም ቱቦው ተሰንጥቆ ይሆናል። ቱቦው ሲጨመቅ እንደ ደረቀ እንጀራ የሚሰነጣጠቅ ከሆነ ይቀየር።

3. ቺንጋው ባለበት በኩል ከሆነ፦ የውሃ ፓምፑ ሊሆን ይችላል። ፓምፕ ሲያረጅ ድምፅም ያሰማል።

4. ከውስጥ፣ ከፊት ተሳፋሪው እግር ስር ምንጣፉ ከረጠበና ጣፋጭ ሽታ ካለ፦ ሂተሩ ነው።

5. ውጭ ምንም ሳይንጠባጠብ ውሃው ካለቀ፦ ይህ የሚያሰጋ ነው። ከማርሚታ ሞተሩ ከሞቀ በኋላም የማያቆም ነጭ ጭስ ይወጣል? የዘይት መለኪያው ሲወጣ ዘይቱ ወተት የገባበት ቡና ይመስላል? በቀዝቃዛው ክዳኑ ተከፍቶ ሞተሩ ሲነሳ ውሃው ውስጥ አረፋ ሳያቋርጥ ይወጣል? ከእነዚህ አንዱ ካለ የቴስታታው ጓርኒሲዮን ይጠረጠራል። ራዲያተር መቀየር ይህን አያድንም።

ንጹህ፣ ሽታና ቀለም የሌለው ውሃ ኤሲ ሲሠራ ብቻ የሚንጠባጠብ ከሆነ ግን ብልሽት አይደለም።

በዓይን ካልተገኘ ግፊት መፈተሻ ያለው ጋራዥ ይሂዱ። በራዲያተሩ አፍ ላይ ተገጥሞ በእጅ የሚነፋ ትንሽ ፓምፕ ነው። ሞተሩ ቀዝቃዛ እንደሆነ ግፊት ይሰጠዋል፣ ቀዳዳውም ራሱን ያሳያል። መኪናዋ ውሃ የማትይዝ ከሆነ ግን እየነዱ ሳይሆን እየጎተቱ ይውሰዷት።

ይጠገናል ወይስ ይቀየራል?

የድሮዎቹ የመዳብና የነሐስ ራዲያተሮች ተበይደው ረጅም ጊዜ ያገለግላሉ። የአሁኖቹ ብዙዎቹ መሐላቸው አሉሚኒየም፣ ላይና ታቻቸው ወይም ግራና ቀኛቸው ፕላስቲክ ነው። ፕላስቲኩ ከተሰነጠቀ በማጣበቂያ የሚደረገው ጥገና ጋራዥ ለመድረስ እንጂ ለዓመት አይሆንም። የፕላስቲኩና የአሉሚኒየሙ መገናኛ ጎማ ብቻ ከሆነ ያፈሰሰው፣ ጎበዝ ራዲያተር ጠጋኝ ከፍቶ ይቀይረዋል። መሐሉ በዝገት ከተበላ ወይም ከተደፈነ መቀየሩ ይሻላል።

ራዲያተር ውስጥ የሚጨመር ማሸጊያ ዱቄትና ፈሳሽ፣ እንቁላል መጨመርም ቢሆን፣ ለጊዜው ቀዳዳ ይዘጋ ይሆናል። ግን ቀጫጭኖቹን ቱቦዎችና ሂተሩንም አብሮ ሊደፍን ይችላል። ለመንገድ ላይ ችግር እንጂ ለጥገና አይሆንም።

ባጃጅ ከሆነስ? በየከተማው የሚታየው የተለመደው ባለ አራት ስትሮክ ባጃጅ ሞተሩ የሚቀዘቅዘው በአየር ነው፤ ራዲያተር የለውም። ራዲያተር ያላቸው ሌሎች ባለሶስት እግሮች ስላሉ ግን «ዋሸኝ» ከማለትሽ በፊት ፎቶ አስልኪ።

ከተሠራ በኋላ

የቧንቧ ውሃ ብቻ መሙላት ዝገት ያመጣል። ለሞዴሉ የሚሆን ኩላንት ይሞላ። ውስጥ የቀረ አየር ካልወጣ መኪናዋ እንደገና ትፈላለች፤ ስለዚህ መካኒኩ አየሩን ማስወጣቱን፣ ፋኑም በራሱ መነሳቱን ይይ። በማግስቱ ጠዋት በቀዝቃዛው የውሃው መጠን ይታይ። ከቀነሰ ሥራው አላለቀም ማለት ነው።

እንዴት ትይዋለሽ?

ጥያቄ ስታበዢ «አላመንሽኝም?» ሊልሽ ይችላል። ብዙ ጊዜ እሱም የሚነግርሽ መካኒኩ ያለውን ነው። እንዲህ ብለሽ ላኪለት፦

«ወንድሜ፣ እንዴት ነህ? አንተን ሳላምን ቀርቼ አይደለም። ሁለታችንም እንዳንከስር ብዬ ነው። ዛሬ እንዳትነዳት፣ አደራ። ጠዋት ሞተሩ ሳይነሳ የሚያፈስበትን ቦታ በቪዲዮ አሳየኝ። ክዳኑ ይፈተሽ። ዕቃውንና የእጅ ዋጋውን ለየብቻ ከሁለት ጋራዥ ጠይቅ። ሲሠራ አሮጌውን ዕቃ ተቀበልና ፎቶ ላክልኝ። ቦታው እንደታወቀ እልካለሁ።»

የመጨረሻዋን ቃል ጠብቂያት። ቦታው ታውቆ፣ ዋጋው ተጠይቆ ሳለ አንቺ ካዘገየሽ፣ እሱ የዕለት ገቢ አስጨንቆት ቁልፉን ያነሳል። ሁሉን በአንድ ጊዜ መላክ ካልቻልሽ የዕቃውን አስቀድመሽ፣ የእጅ ዋጋውን ከተፈተሸች በኋላ ላኪ።

አንድ ነገር ለአንቺም

በምትሠሪበት ቤት ጋራዥ ወለል ላይ አረንጓዴ፣ ሮዝ ወይም ሰማያዊ ፈሳሽ ካየሽ ኩላንት ሊሆን ይችላል። ጣዕሙ ይጣፍጣል፣ ግን መርዝ ነው። ልጆችንና ድመቷን አርቂ፣ ጓንት አድርገሽ አጽጂ፣ ለቤቱ ባለቤቶችም ንገሪ። ልጅ ከቀመሰ «ትንሽ ነው» ተብሎ አይጠበቅም፤ ወዲያው ለቤተሰቡ ተናግረሽ፣ ዕቃው ካለ ከነጠርሙሱ ይዛችሁ ሆስፒታል ሂዱ።